አመድ የለበሰችው አይጥና የጥንዚዛዋ እርሾ

ልንገራችሁ? «ንገሪን!» ሳታዛጉ? «ሳናዛጋ!» እንግዲያው ጆሯችሁን ወዲህ፣ እግራችሁን ወደ ጋቢው ውስጥ።

ወይዘሮ አዛለች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ሊገባ ነው። እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተችና አንድ ቀን «ዱባ አማረኝ» አለች። የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ካልበላች ሆዷ ውስጥ ያለውም ይከፋዋል ይባላል። ልጇ ጥጊቱ ወደ ጓሮ ሮጠች። ዱባው ግን እንቁላል አክሎ ቀርቷል።

«ዱባ ዱባ፣ እደግልኝ። እናቴ ዱባ አምሯታል።»

«አላድግም» አለ ዱባው። «የቆምኩበት አፈር ከስቶ እኔ በምን ልወፍር?»

ጥጊቱ ወደ አፈሩ ጎንበስ አለች። «አፈር አፈር፣ ዱባውን አብላው። ዱባው አላድግም አለ፣ እናቴ ዱባ አምሯታል።»

«በባዶ እጄ?» አለ አፈሩ። «እኔም ርቦኛል። ያቺ ከአጥሩ ሥር የሞተችው አይጥ ትግባልኝ። እኔ ስበላ እሱም ይበላል።»

ጥጊቱ ያቺን አይጥ ታውቃታለች። ጠዋት ብትሸታት፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከምድጃው አመድ ዝቃ ደፍታባት ነበር። አሁንም አፍንጫዋን ይዛ ቀረበች። «አይጥ አይጥ፣ አፈር ግቢ። አፈሩ ራበኝ አለ፣ ዱባው አላድግም አለ፣ እናቴ ዱባ አምሯታል።»

«አንቺ ልጅ» አለች አይጧ፣ «ሙት ራሱን ሲቀብር የት አየሽ? እድር እንኳ የለኝም! ቀባሪዬ መጥታ ነበር፤ አኩርፋ ከድንጋዩ ሥር ገብታለች። እሷን ለምኛት።»

ከድንጋዩ ሥር አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ክንፏ እንደ ቀሚስ ብርቱካንማ ጥለት አለው። ጥጊቱ አፍንጫዋን እንደያዘች ለመነቻት። «እሜትዬ ጥንዚዛ፣ አይጧን ቅበሪያት። አይጧ ራሴን አልቀብርም አለች፣ አፈሩ ራበኝ አለ፣ ዱባው አላድግም አለ፣ እናቴ ዱባ አምሯታል።»

«ጉልበቱስ አለን» አለች ጥንዚዛዋ። «እኔና ባሌ ከሥሯ እየጫርን፣ ጠጉሯን እየላጨን፣ እንደ ኳስ ጠቅልለን እናወርዳታለን። ግን የልጆቼ ስንቅ ናት እኮ! እርሾ ካልቀባኋት ትበላሽና ልጆቼ ምን ይበላሉ? ያለኝን እርሾ ከአፌ አራግፌ ስቀባት፣ አንዱ ባለጌ መጥቶ አመድ ደፋብኝ።»

«ያሳደገው የለም!» አለ ባሏ።

ጥጊቱ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ ነኝ» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። «በይ እንግዲያው» አለች ጥንዚዛዋ፣ «ከጎረቤቴ እርሾ ለምነሽ አምጪልኝ። እርሾ የሚከለክል ጎረቤት የለም።»

ጎረቤቲቱ ጥንዚዛ ከአሮጌ ግንድ ሥር ነበረች። ነገሩን ሰምታ፣ «እኔስ አልከለክልም፤ ግን እርሾው ራሱ ይጠየቅ» ብላ አፏን ከፈተች። እርሾው በዓይን አይታይም፤ ድምፁ ብቻ እንደ ጥንስስ ቱክ ቱክ ይላል።

«እርሾ እርሾ፣ ወደ ጥንዚዛዋ ሂድ። ጥንዚዛዋ ያለ እርሾ አልቀብርም አለች፣ አይጧ ራሴን አልቀብርም አለች፣ አፈሩ ራበኝ አለ፣ ዱባው አላድግም አለ፣ እናቴ ዱባ አምሯታል።»

«አልሄድም!» አለ እርሾው። «አፍንጫዋን ይዛ ለምትጠራኝ አልሄድም። እናትሽ ቤት፣ በእንስራው ውስጥ ያለውን እርሾ ስትጨልፊ አፍንጫሽን ትይዣለሽ?»

«ኧረ አልይዝም።»

«ታዲያ እሱ የማን ዘመድ መሰለሽ?»

ጥጊቱ እጇን ከአፍንጫዋ አወረደች። የጎረቤቲቱ አፍ ሽታ መጣ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሷ ግን ቻለችው። «እርሾዬ፣ አመዱን የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ። ጥንዚዛዋ ያለ እርሾ አልቀብርም አለች፣ አይጧ ራሴን አልቀብርም አለች፣ አፈሩ ራበኝ አለ፣ ዱባው አላድግም አለ፣ እናቴም ምጥ ሳይቀድማት ዱባ አምሯታል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ እርሾው።

ያን ጊዜ እርሾው ከጎረቤቲቱ አፍ ወደ ጥንዚዛዋ አፍ ገባ። ጥንዚዛዋ ከነባሏ የአይጧን አመድ አራገፈች፣ ላጨቻት፣ ጠቀለለቻት፤ ከአፏም ከሆዷም እያወጣች ቀባቻት። ክፉው ሽታ ጋብ አለ። አይጧ አፈር ገባች። የጥንዚዛዋ ልጆች ተፈለፈሉና እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ከፈቱ፤ እናታቸው አጎረሰቻቸው፤ ከጉርሻው ጋር እርሾውንም አወረሰቻቸው። አያችሁ ልጆቼ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ እንዲህ ስትደክም ማን ያያታል? የፈጠራት ያያታል። እሱ ያለ ሥራ የፈጠረው የለም፣ ስሙ ይመስገን።

ከልጆቹ የተረፈውን አፈሩ በላ። አፈሩ ዱባውን አበላ። ዱባው አደገ፣ ተንዠረገገ፣ አጥሩን አዘመመው። ጥጊቱ በሁለት እጇ አቅፋ፣ እያረፈች፣ እያንከባለለች ወደ ቤት አስገባችው።

ወይዘሮ አዛለች አንድ ጎረሰች። ደገመች። ሆዷ ውስጥ ያለው ጽንስ እንኳ ደስ ብሎት ረገጣት።

«የኔ ልጅ፣ ይኸ ዱባ እንዲህ የጣፈጠው በምንድን ነው?»

ጥጊቱ ሳቀች። «መጀመሪያ ብይና ጨርሺ፣ እማ። አሁን ብነግርሽ አፍንጫሽን ትይዣለሽ።»

ተረቴ ከአፌ ወጣ፣ ዱባውም ከድስቱ፤ ለእኔ ቅርፊቱ ይብቃኝ፣ ለእናንተ ፍሬና ምርቃቱ።