አያ ጅግሶ፣ ቡናውና ፊታውራሪ አጥናፌ

አያ ጅግሶን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። የጌዴኦ ሰው ግን እንዲህ ያወራለታል።

ከቤቱ ግርጌ አንዲት ቁራሽ የቡና መሬት ነበረችው። ከአባቱ የቀረችለት እሷ ብቻ ናት። ፊታውራሪ አጥናፌ የሚባሉ የአገሩ ትልቅ ባለመሬት ቡናዋን ከቀመሱ ወዲህ ዓይናቸውን ጣሉባት፤ የሚነጥቁበትን ሰበብ ይፈልጉ ጀመር። ጅግሶ ይህን ያውቃል። ቢያውቅም አፉ አያርፍለትም።

አንድ ቀን ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ፣ ጅግሶ ቀይ ፍሬ ብቻ እየመረጠ ሲለቅም አገኙት። አረንጓዴውን ዛፉ ላይ ይተወዋል።

“አንተ ሰነፍ! ጎረቤቶችህ ቅርንጫፉን አራግፈው ቤታቸው ገብተዋል። አንተ እዚችው ዛፍ ሥር ስትመላለስ ልትከርም ነው?” አሉት።

«ጌታዬ፣ ትልቋን ልጅዎን ሲድሩ የምትጠባዋን አብረው ሰጡ?»

ሌላ ጊዜ የፊታውራሪ አሽከር ግብር ሊቀበል መጣ። የጅግሶ ቡና ከቀርከሃ በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ፀሐዩ ስለበረታ በሰሌን ሸፍኖታል። ራሱ ጅግሶ ግን መሬት ላይ ጋደም ብሏል።

“አያ ጅግሶ፣ ምነው ምን ነካህ? ቡናው አልጋ ላይ፣ አንተ አፈር ላይ?” አለው አሽከሩ እየሳቀ።

«ከሁለታችን ፊታውራሪ ቤት የሚገባው እሱ ነዋ!»

ያን ቡና ፊታውራሪ ወስደው ፍየል በሚያድርበት ግቢያቸው፣ እበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ አፈሰሱት። ከሰነበተ በኋላ ለከተማ ነጋዴ ሊሸጡት አቀረቡ። ነጋዴው አሸተተና ፊቱን አዞረ። ፊታውራሪ ተዋረዱ። ጅግሶን አስጠርተው በሰው ፊት ጮኹበት።

“ቡናህ ለምንድን ነው ፍየል ፍየል የሚሸተው?”

«ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ቡና ቡና ይሸት ነበር። ግቢዎ ውስጥ ከማን ጋር እንዳደረ እርስዎ ይጠይቁት።»

ሰው ሳቀ። ፊታውራሪ አልሳቁም።

በዓመቱ ለእንግዶቻቸው የጅግሶን ቡና አስፈልተው፣ እሱንም አስጠርተው ለእሱ ግን የቡና ገለባ ተቀቅሎ በጣሳ እንዲሰጠው አዘዙ። ንፉግነታቸውን አገር ያውቀዋል። “እህሳ፣ እንዴት ነው?” አሉት፣ እንግዶቹን በዓይናቸው እየጠቀሱ። ጅግሶ ጣሳውን ተመለከተ።

«ለካ የመጣሁት ለቅሶ ነው። ባለቤቱ የለም፣ ልብሱ ብቻ ወጥቷል።»

ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪ አልታገሡም። “ቡናውን በእጄ የተከልኩት እኔ ነኝ” ብለው ከሰሱት። ዳኛው ከገበታቸው የማይጠፋ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ሆኖም ፊታውራሪን ፈርተው አንገታቸውን ደፉ። ጅግሶ ብቻውን ቆመ። የመሬቷ ነገር ማለቁ ገብቶታል።

ዳኛው ተነሥቶ ፈረደ።

“መሬቷ፣ በላይዋ ያለውም በውስጧ ያለውም፣ ሁሉም የፊታውራሪ ነው። የምትለው አለህ?”

ጅግሶ ነጠላውን አጣፋና ወደ ፊታውራሪ ዞረ።

«በውስጧ ያለው ባለፈው ክረምት የቀበርኩት ልጄ ነው። እንግዲህ ጌታዬ፣ ተነሥተው ከል ይልበሱ፤ ልጅ ሞቶብዎታል።»