ማሊያ የለበሰው ማስፈራሪያ

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቀድሞ አቆመ፤ ፀሐዩ ከረረ፤ ማሽላውም ቶሎ አፈራ።

በዚያ ሰሞን የከተማችን ክለብ ተከላካይ የነበረው ምንይችል፣ ወደ ባላንጣው ክለብ ተዛውሮ እዚያ ጨዋታ ካቆመ በኋላ በሬዲዮ ቀርቦ፣ «የድሮው ክለቤ ደጋፊ ኳስ የማያውቅ ገበሬ ነው» አለ። ደጋፊው ተናዶ የምንይችል ስም ያለበትን ማሊያ አቃጠለ። አንድ ገበሬ ግን ደህና ጨርቅ ማቃጠል ግፍ ነው ብሎ፣ የራሱን ማሊያ ማሽላው መሀል ለተከለው የዝንጀሮ ማስፈራሪያ አለበሰው።

ምንይችል ይህን ሲሰማ የቀበሌውን ሊቀመንበር ይዞ በመኪና መጣ።

«አንተ ሰውዬ! እኔን ያህል ሰው የእንጨት መቀለጃ ታደርጋለህ? አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቀኝ!»

ሊቀመንበሩም፣ «እምቢ ካልክ ማስፈራሪያውን አስነቅለዋለሁ» አለ። እሱ ከተነቀለ የገደሉ ዝንጀሮ ማሽላውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ገበሬው እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ እንዳሉት ኳስ አላውቅም። ብቻ እርስዎ ይህን ማሊያ ለብሰው ሲቆሙ ያላለፈዎ አጥቂ አልነበረም። ይህ እንጨት ከለበሰው ወዲህ ግን አንድ ዝንጀሮ አላለፈውም። የጎረቤት ማሳ ቢጠራው አይሄድም፤ በሬዲዮም አያማኝም። ይቅርታ ካስፈለገ፣ የእርስዎን ስም ስላሸከምኩት የምጠይቀው እሱን ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነበር። ምንይችል መኪናው ውስጥ ገባ።

ገበሬውም እንጨቱን ሊክስ ወሰነ። በማጭዱ ስሙን ከማሊያው ጀርባ ቆርጦ፣ በመኪናው መስኮት ለስሙ ባለቤት ሰጠና ወደ ሥራው ተመለሰ።