የጥም ወንፈል

በጨፌ አፋፍ መንደር አንድ ሰው "ይህን ነገር ብቻዬን እወጣዋለሁ" ብሎ ሲነሣ የሚነግሩት አንድ አባባል አለ። አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከአንድ የገብስ ማሳ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ማሳው ከጠፋበት ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ደግ ነበር። ገብሱ ወገብ ደረሰ። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ ሰው ማጭዱን ሳለ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረዶ ወረደ። ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም። ታጭዶ የተከመረው ተረፈ። ቆሞ የነበረው ተደፋ፤ ፍሬው ከጭቃ ጋር ተለወሰ። ሰው የዘር እህሉን በላ። በየካቲት ሁለት ሕፃናትና አንዲት አሮጊት ሞቱ። ሰኔ ሲደርስ ጥንድ በሬ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።

ማሳው ቆሞ በረዶ ካገኘባቸው ሰዎች አንዱ ዘገየ ነው። የዘገየን ማሳ ያጠፋው ግን በረዶ ብቻ አልነበረም።

በጨፌ አፋፍ አጨዳ የሚታጨደው በወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። የወንፈል ቀን ብድር ነው፤ በገንዘብ አይመለስም፣ በእህልም አይመለስም፤ በቀን ብቻ ይመለሳል። ተራውን የሚያስይዙት አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዘገየ ለጎረቤቱ ለአንዳርጌ ሁለት ቀን አጭዶለት ነበር። አንዳርጌም በኅዳር አሥርና አሥራ አንድ ሊመልስለት ተራ ተይዟል። ሌላው ሁሉ በየማሳው ስለ ነበር ዘገየ በእነዚያ ሁለት ቀናት ከአንዳርጌ በቀር ሰው አልነበረውም።

አንዳርጌ አልሄደም። ሁለቱንም ቀን ላቀች ጠላ ቤት መደብ ላይ ሰክሮ ተጋድሞ ነበር። የነቃው በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው።

ዘገየ ሽማግሌ አልላከም። አልተሳደበም። አንዱን በሬውን ሸጦ ከረመ። መንገድ ላይ ሲገናኙ "እንደምን ዋልክ" ይለዋል፤ ያልፋል። አንዳርጌን ውስጥ ውስጡን የበላው ይህ ሰላምታ ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ይህን የሚያወያየው ሰውም እቤቱ አልነበረም፤ ሚስቱ በስካሩ ተማርራ በመስቀል ሰሞን ሕፃኗን አዝላ ወደ ወንድሞቿ ሄዳለች።

በሚቀጥለው ዓመት አንዳርጌ ማለ። ሰው በሌለበት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ በሩን ስሞ፣ አረቄ ላልቀምስ ብሎ ማለ። አረቄውን ተወ፤ በጠላ ሰከረ። በጠላ ላይ አልማለም ነበርና።

ሁለተኛ ማለ። አሁን በየስማቸው ጠራቸው፦ አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ። ይህኛው አራት ወር ቆየ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ አንዲት ዘመዱ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ አገኘችው።

"ደርቀሃል፤ ና ቅራሪ ልስጥህ" አለችው።

"ምያለሁ።"

"ቅራሪ ምን መጠጥ ነው? አተላ የታጠበበት ውሃ ነው። ልጆቼ የሚጠጡት።"

አንዳርጌ አሰበ። በቅራሪ ላይ አልማለም። አንድ ጣሳ ጠጣ። ሁለተኛ ጠየቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ላቀች ቤት ነበር።

ሦስተኛ ማለ። በዚህኛው አንድም ቀዳዳ አልተወም፤ ጌሾ የነካውን ሁሉ፣ ቅራሪውንም ጨምሮ፣ የሚጠጣበትንም ቤት ላልረግጥ ብሎ ማለ። ይህ መሐላ ጸና። ግን ምሎ ሲጨርስ ዙሪያውን ቢያይ የሚሄድበት ቦታ አልቀረለትም። በዚህ አገር ሰው ያለ ጠላ አይሰበሰብም። ሰርጉ ጠላ ነው፣ ተዝካሩ ጠላ ነው፣ ማኅበሩም ጠላ ነው። ወንፈል የገባ አጫጅም እኩለ ቀን ላይ ጠላ ይቀርብለታል። አንዳርጌ ከማኅበሩ ወጣ። ከወንፈል ወጣ። ሰው መጀመሪያ "ጎሽ፣ ተወ" አለ። ቆይቶ "ኮራ" አለ። ከዚያ ምንም ማለት ተወ።

ሌላው በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ማሳ አንዳርጌ ብቻውን በአሥራ ስድስት ቀን ያጭድ ጀመር። ጎንበስ ሲል ከሩቅ የሌሎቹ አጫጆች ዘፈን ይሰማዋል። ቀና ሲል የእነሱን ጀርባ ያያል። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ አንድ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ይመሻል። ጥሙ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ነበር የሚመጣው፤ ከምሳ በኋላ፣ ጥላው መዞር ሲጀምር። ያን ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ማጨድ ነው። ከበረዶው አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ጥርሱን መንከስ ሰለቸው። በልቡ፣ ለማንም ሳይናገር፣ የላቀችን መንገድ ማሰብ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ማሳው ዳር ቆመ። ሙሉሰው ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ግንበኛ። የሰው ግድግዳና የሰው መቃብር የሚሠራ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው።

"እንደምን ዋልክ አንዳርጌ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ሙሉሰው። እዚህ ድንጋይ የለም።"

"ድንጋይ አልፈለግሁም። ወንፈል ልገባ ነው የመጣሁት።"

"ምን ማሳ አለህና ወንፈል ትገባለህ?"

"ማሳ የለኝም። ጥም አለኝ።"

አንዳርጌ ቀና አለ። ሙሉሰው በጎልማሳነቱ ክፉ ጠጪ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። መጠጥ ከቀመሰ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈውም ይታወቃል።

"አሥራ አንድ ዓመት ያልቀመሰ ሰው ምን ጥም አለው?"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበረኝ። የዛሬው ገና አልመጣም።"

"እኔ ምያለሁ፤ መሐላዬ ይበቃኛል።"

"ስንት ጊዜ ማልክ?"

"ሦስት።"

"እኔ አምስት። ሁሉንም ከልቤ ነበር የማልኩት።" ሙሉሰው ገብሱን በእጁ ጨብጦ ማጨድ ጀመረ። እንደ ግንበኛ ነው የሚያጭደው፣ በዝግታና ባልለመደ እጅ። "ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ታወራለህ?" አለው።

"ከማጭዴ ጋር።"

"ምን ይልሃል?"

"ዶልዱሜያለሁ ይለኛል።"

ሙሉሰው ሳቀ። አንዳርጌ ራሱ ሳያስበው ሳቀ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

በሐሙስ፣ ገበያ ተበትኖ ሰው ወደየጠላ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ሙሉሰው ወንዙ መሻገሪያ ላይ ካለው ሾላ ሥር ወሰደው። እዚያ አንዲት ሴት ጥጥ እየፈተለች ተቀምጣለች። ዓለሚቱ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ድሮ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ነበረች። ፊት ለፊቷ ቆሎና አንድ ቅል ውሃ አለ።

"ተቀመጥ። እኔ እንደ እናንተ ጠጪ አልነበርኩም፤ ቀማሽ ነበርኩ። ያልተቀመሰ አረቄ ለደንበኛ አይሸጥም" አለችው።

"ስንት ትቀምሺ ነበር፣ እቴ ዓለሚቱ?"

"ደንበኛው ማን እንደ ሆነ እስኪጠፋኝ።"

ሙሉሰው ደንቡን ነገረው፤ አጭር ነበር። ጥም ሲመጣ ከጥም ጋር አትከራከር፤ ተነሥተህ ወደ አንዳችን ሂድ። የተጠራ ሰው የያዘውን ይጥላል፣ እስኪያልፍ አብሮህ ይቀመጣል። ከዚያ የአንድ ቀን ባለዕዳ ነህ፤ ሲጠራህ ትመልሳለህ።

"ይህ ሁሉንም ያድናል?" አለ አንዳርጌ።

"አያድንም። ካሱ የሚባል ሦስተኛ ነበረን። አንድ ቀን ሳይጠራን ቀረ። አሁን ላቀች ቤት ነው። ስናልፍ እንደምን ዋልክ እንለዋለን" አለ ሙሉሰው።

"እኔን ግን ብቻዬን ቤቴ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ቀብረውኝ ነበር" አለች ዓለሚቱ ከእንዝርቷ ሳትነሣ።

አንዳርጌ ለሁለት ወር በየሐሙሱ ሾላው ሥር ቆሎ እየበላ ተቀመጠ። መጥራት አፈረ። ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እግሩ ወደ ላቀች ቤት መታጠፊያ ደርሶ አገኘው። እዚያው ቆመ። ከዚያ ዞሮ የዓለሚቱ ደጅ ድረስ ሳያርፍ ሄደ። ምን እንደሚል አላወቀም።

"ዛሬ" አለ።

እሷም እንዝርቷን ጥላ ነጠላዋን ለበሰች። ወንዙ ድረስ ሄደው ተቀመጡ። ስለ ጥጥ ዋጋ ተጨነቀች፣ ስለ አማቷ ክፋት አወራች። ፀሐይ ስትጠልቅ፣

"ሄደልህ?" አለችው።

"ሄደ።"

"ነገ ይመጣል። ደህና እደር።"

እሷ ቀኑን ያስመለሰችው በሰኔ ነው። የወንድሟ ተዝካር ነበር። እቤቷ አራት ጋን ጠላ ተጠምቆ ሰው ሞልቷል፤ አስተናጋጇ ደግሞ እሷ ናት። አንዳርጌን አስጠራችው። የሚጠጣበትን ቤት ላይረግጥ ምሏልና ደጁ ላይ ትንሽ አመነታ። ከዚያ የጓዳው በር ላይ በርጩማ አድርጎ ተቀመጠ። ባለፈች ቁጥር ያያታል፤ ባያት ቁጥር ታየዋለች። ሰው "ምን ትጠብቃለህ?" ሲለው፣ "ቀን እመልሳለሁ" ይላል። ሰው ተበትኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለው። ቀኑን ሙሉ ከአራት ጋን ጠላ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጥሙ አልመጣም ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቀን ሲበደርና ቀን ሲመልስ ኖረ። የሌሎችን በመለሰ ቁጥር ያልመለሰው እየከበደው ሄደ። ከበረዶው በሰባተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ሲያልቅ፣ ዘገየን ሞፈር ሲጠርብ አገኘው።

"እንደምን ዋልክ" አለ ዘገየ።

"ዘገየ፣ የሁለት ቀን ወንፈል አለብኝ።"

ዘገየ መጥረቢያውን ሳያቆም፣ "ሰባት ዓመት ሆነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"አጫጆቼ ይጠጣሉ። ላንተ ብዬ ጠላ አላስቀርባቸውም።"

"አታስቀር። ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ። ለነሱ የምትመልሰው ቀን የለም።"

"ለምን ይመጣሉ ታዲያ?"

"ከእኔ ጋር ወንፈል ናቸው።"

ዘገየ መጥረቢያውን አኖረ።

"ያን ጊዜ ጠብቄህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መንገዱን ሳይ ዋልኩ። በሁለተኛውም እስከ ስድስት ሰዓት አየሁ። ሰው ባየሁ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ። ከበረዶው ይልቅ እሱ ነው የማይረሳኝ" አለ።

አንዳርጌም፣ "በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለ።

"ፀሐይ ሳትወጣ።"

ኅዳር ላይ ሦስቱ ጎሕ ሲቀድ ማሳው ላይ ቆመው ነበር። አያ ጓንጉል አርጅተው ማጨድ ትተዋል፤ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ተራ ያስይዛሉ። ከአጫጆቹ መካከል ጎሹ የሚባል ምላሰኛ ነበር።

"አንዳርጌ ሞግዚት ይዞ መጣ" አለ።

"ሁለት ይዤ ነው። አንዱ አልበቃኝም" አለ አንዳርጌ። ሰው ሳቀ፤ ጎሹም ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ጠላው መጣ። አጫጆቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አንዳርጌ ሙሉሰውን በቀኙ፣ ዓለሚቱን በግራው አድርጎ ተቀመጠ። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሲመጣ የጌሾው ሽታ ቀድሞት ደረሰ። ከወንፈል ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ከአጫጆች መሐል አልተቀመጠም። እጁ ከጉልበቱ ላይ ጥቂት ተነሣ፤ እሱም አየው፣ ጎሹም አየው።

"ዛሬ" አለ አንዳርጌ በለሆሳስ።

ዓለሚቱ የተነሣው እጁ ውስጥ ቆሎ ሞላችበት። "አማቴ ደግሞ ትናንት ያደረገችኝን ልንገርህ" አለች። ሙሉሰው በላያቸው አሻግሮ ዋንጫውን ከዓለሚቱ ግራ ላለው ሰው ሰጠ። ዋንጫው ሦስቱን አልፎ ሄደ። ወሬው ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ነዶ ታሰረ፤ ማሳው ባዶ ሆነ፣ ሰማዩም ጠርቶ ዋለ። ዘገየ ወደ አንዳርጌ መጣ። እጁን ዘረጋለት፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ተጨባበጡ።

"ተካክለናል" አለ ዘገየ። ከዚያ ወደ በሬዎቹ ሄደ። አንዳርጌ ማጭዱን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። ሙሉሰውና ዓለሚቱ ሳይጠሩት ጠበቁት፤ ከዚያ ሦስቱ ወደ ወንዙ መንገድ ወረዱ።

ጎሹ ከኋላቸው እያየ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። "አያ ጓንጉል፣ ይህ ሰው ምሎ የለም እንዴ? የጸና መሐላ ካለው እነዚህ ሁለቱ ምን ይሠሩለታል?" ብሎ ጠየቃቸው።

አያ ጓንጉል ሦስቱ ከዓይናቸው እስኪጠፉ ጠበቁና እንዲህ አሉት፦ "መሐላ ጧት ያስነሣል፣ ወንፈል ማታ ያደርሳል።"