ምሳውን የበላው መልእክተኛ

መልእክተኛ ማለት ከነገሩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ከነገሩ እኩል ከደረሰ መንገደኛ ይባላል። ከነገሩ ኋላ ከደረሰ ደግሞ ለቀስተኛ ነው። ሦስቱም በአንድ መንገድ ይመጣሉ፤ እግራቸውም እኩል አቧራ ይለብሳል። የሚለያቸው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ይህን ያሉት የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል አስቆጥረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ማስተማሩን ትተው፣ ከወንዙ ዳር ባለች ቤታቸው ከመጻሕፍታቸውና ከዶሮዎቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ያሉትም ለጥያቄ መልስ ነው። ጠያቂው ቢያድግልኝ ይባላል፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ብረት እያነበበ የውሃውን ከፍታ መመዝገብ ሥራው ነው።

ቢያድግልኝ የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ መጣ። የየኔታን የጉልበት ሕመም ጠየቀ። የዶሮዎቹ ቤት በር ከማጠፊያው ወልቆ ስላገኘው መዶሻ ተውሶ አበጀው። ምሳ ሲቀርብ በላ። እጁን ታጥቦ አረፍ ካለ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው መቼ ቢናገረው ነው ደግ የሚሆነው?»

«የማን ወሬ ነው?»

«ኧረ እንዲያው የሰው ጥያቄ ነው።»

የኔታ የሰው ጥያቄ የሚባለውን ነገር በደንብ ያውቁታል። በስድሳ ዓመት ውስጥ የራሱን ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ስለ መልእክተኛ ከላይ የተጻፈውን ተናገሩና ወደ ምሳሌው ገቡ።

አንድ ሰው ነበረ። ከትልቅ ወንዝ ዳር ባለ መንደር ይኖር ነበር። ንግግሩ የታረመ፣ ድምፁም ለስላሳ ስለነበረ የመንደሩ መርዶ ነጋሪ እሱ ነበር። መርዶ ሥርዓት አለው። ለሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገርም፤ ብቻውን ሆኖ አይነገርም፤ ሜዳ ላይ አይነገርም። ይህ ሰው ሥርዓቱን አንድ ቀን እንኳ አፍርሶ አያውቅም። እሱ ያረዳው ሰው አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት «አነጋገርህን ግን እግዜር ይስጥልኝ» ይለው ነበር።

ያ መንደር ጎርፍ ያስተማረው መንደር ነው። በአያቶቻቸው ዘመን ውሃው ሳይታሰብ መጥቶ እኩሌታውን ሰው ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሦስት መስመር ቀረጹ። የመጀመሪያው መስመር በውሃ ሲሸፈን ሰው ይወቅ፣ ሁለተኛው ሲሸፈን ከብት ይውጣ፣ ሦስተኛው ሲሸፈን ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ይውጣ ብለው ደነገጉ። ወንዙ ብዙ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ንጋት ላይ ሦስተኛውን መስመር የሸፈነ ውሃ መንደሩ የሚደርሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሰው ግን በአቋራጭ ከመጣ ረፋዱ ላይ ይደርሳል።

ዝግጅታቸው የሚያስቀና ነበር። ኮረብታው ላይ በደቦ ጎጆ ሠሩ፤ ጎተራቸውን ወደዚያ አወጡ። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ የመውጫውን መንገድ ይጠርጋሉ። የትኛውን ላም ማን እንደሚነዳ፣ የትኛዋን አሮጊት ማን እንደሚያዝል ተመድቦ ነበር። አንድ ሽባ ሽማግሌ አራቱን የቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ቁመታቸውን አስተያይቶ ራሱ መርጧል፤ ቃሬዛው እንዳያዘነብልበት ብሎ ነው።

የቀረው ድንጋዩን የሚጠብቅ ሰው መምረጥ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «ሯጭ ይሁን» አለ። ሌላው «ኧረ ጯሂ ይሁን» አለ። ሽማግሌዎቹ ግን «ሯጭም ጯሂም ሰው ያስደነግጣል። ክፉ ወሬ መናገር የሚያውቅበት ሰው እያለን ምን ሆነን!» አሉ። መርዶ ነጋሪውም ተመረጠ። ሁሉም ጥሩ ምርጫ ነው አለ።

ሰውየውም ሥራውን አከበረ። ከድንጋዩ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። ውሃው አንድ ስንዝር በጨመረ ቁጥር ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ሲጎድል ይፈታል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ክረምት አለፈ።

በሰባተኛው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ከወንዙ ራስ በኩል ጥቁር ደመና መጥቶ ሦስት ቀን ሳይነቃነቅ ቆመ። ዛፍ የሚገነድስ ነፋስ ነፈሰ። ሰውየው እስኪመሽ ሲቋጥር ዋለ። ሲተኛ ውሃው ሁለተኛውን መስመር አልነካም ነበር። ሲነጋ ግን ሦስተኛው መስመር የለም። መቼ እንደተሸፈነ አላየም። ይህ እንኳ በኋላ ጥፋት ተብሎ አልተቆጠረበትም፤ ሰው ይተኛል። ገመዱን ትቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በአቋራጩ ወረደ።

መንደሩ ከመድረሱ በፊት ባለው ረግረግ አንድ ገበሬ የሽምብራ መሬቱን እያረሰ አገኘው።

«እንደምን አደርክ!» አለ ገበሬው ሞፈሩን ይዞ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት አደርክ? ቤተሰቡ? ልጆቹ? ከብቱ?»

«ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና። ውሃውስ እንዴት አደረ?»

ሰውየው ቆመ። ገበሬውን አየው። ብቻውን ነው። ማልዶ ወጥቷልና እህል አልቀመሰም። ያለበትም ሜዳ ነው። ሥርዓቱ ከከለከላቸው ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልጎደለም።

«ደህና አደረ» አለው።

«ተመስገን! እንግዲያስ ይቺን ዛሬውኑ ልገላግላት። በሬዎቹ የሚስቴ ወንድም ንብረት ናቸው፤ ነገ ካልመለስኳቸው ምላሱን አልችለውም።»

«በርታ» አለውና አለፈ።

መንደር ሲገባ ትልቁ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ሆነው ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። የባልየው ፍየል የሚስትየዋን ጌሾ በልታ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው አባቴ። ይጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።»

ተቀመጠ። ፍየሏ ሦስት ጊዜ ተከሰሰች፣ ሦስት ጊዜም ተሟገቱላት። እኩለ ቀን ሲሆን ባልና ሚስቱ ታረቁ። እርቅ ሲሆን ደግሞ ማዕድ ይቀርባል። ሰውየው እምቢ ማለት አልቻለም። እሱን የመሰለ ሰው አልበላም ካለ ሁሉን ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ በላ። የታረቀችው ሚስት ሦስት ጊዜ አጎረሰችው፤ ሦስቱንም ተቀበለ። ፀሐይዋን በጎን አየት አደረጋትና ጊዜ አለኝ አለ። እውነትም በእሱ ቆጠራ ጊዜ ነበረው።

እጁን ሲታጠብ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝ» አላቸው። ሽማግሌው ያን ድምፅ ያውቁታልና ፊታቸው ጠቆረ።

«መርዶ ነጋሪው ወርዷል» የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እያንዳንዱ ቤት በሩቅ ያለ ዘመዱን መቁጠር ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከብት የሚነዳው ከብቱን ትቶ መጣ። አራቱ ተሸካሚዎችም ሽባውን ሽማግሌ ቤቱ ትተው መጡ። ሁለት እህትማማቾች ለወታደር ወንድማቸው ማልቀስ ጀምረው ነበር፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። እንዲህ አድርጎ ያ ሰው መንደሩን በሙሉ ከሜዳው ዝቅተኛ ቦታ፣ ከሽማግሌው ግቢ ሰበሰበው።

ሰዉ ጸጥ ሲል ተነሣ። መጀመር እንዳለበት አድርጎ ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳ ነው። የተሰጠው ሁሉ የአደራ ነው…»

በዚህ መካከል አንዲት ሸክላ ሠሪ እየሮጠች ገባች። ከወንዙ አፋፍ ብቻዋን የምትኖር፣ ለስብሰባም ለድግስም የማትጠራ ሴት ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች።

«ምን ተገትራችሁ ትሰማላችሁ! ውሃው ገባ እኮ! ማድጋዎቼን ጠራርጎ ወሰዳቸው! ተነሡ!»

አንድ ሽማግሌ ዘንጉን አነሣባት። «አንቺ ሴት፣ ሰው እየተናገረ ነው። ሲሆን ሲሆን ሰላምታ አይቀድምም?»

«ሰላምታህን ኮረብታው ላይ እሰጥሃለሁ፤ ከደረስክ!» አለችና አጠገቧ የቆመችውን አሮጊት፣ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ፣ አዝላ መሮጥ ጀመረች።

ያን ጊዜ መንደሩ ነቃ። የተጠረገው መንገድ ጠቀመ። ሽባውን ሽማግሌ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰው ተሸከሙት፤ መንገዱን ሁሉ እንዳዘነበለ ወጣ። የመጨረሻው ሰው ኮረብታው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ቤት ከሥሩ ተነቀለ።

ኮረብታው ላይ የተዘጋጀው ሁሉ ነበር፤ ጎጆው አለ፣ እህሉ አለ። ሰው ግን የሰው ዓይን ማየት አልቻለም። ያቺ ሸክላ ሠሪ ዘንግ ወዳነሣባት ሽማግሌ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። «እንደምን ዋልክ?» አለችው። ሽማግሌው ሣሩን ይነጭ ጀመር።

ሰው ሲቆጠር የጎደለው አንድ ብቻ ነበር። ያ ገበሬ ከሰው በሬዎች ጋር አልወጣም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወጥታ፣ እሱ በወዲያኛው በኩል ወጥቷል ብላ ትጠብቅ ነበር። ማን ይንገራት ተብሎ አልተመከረም። የሚያውቅበት ሰው ነበራቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ቆሎ ካስቀመሷት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ጎጆ ውስጥ አስቀምጦ ነገራት። እንደ ሁልጊዜውም አሳምሮ ነገራት። አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ቀና አለች።

«አንተ ትናንት በረግረጉ በኩል አይደል የወረድከው?»

«አዎ።»

«አግኝተኸው ነበር?»

«አግኝቼው ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ውሃው እንዴት አደረ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

ሰውየው አፉን ከፈተ። ለዚህ ጥያቄ በሥርዓቱ ውስጥ የተዘጋጀ ቃል አልነበረም። እሱ ጋቢውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሸፈነ። መልሱን ሁሉም ከዚያ ተረዳ።

የኔታ እዚህ ላይ አረፉና በደከመው ዓይናቸው ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ጨዋ ነበር። ጨዋነቱ ግን ለሞተ ነገር የተሠራ ነው። የሞተ ነገር ይጠብቃል፤ ምሳ ብትበላ፣ ሽማግሌ ብትሰበስብ የሚከፋበት የለም። ገና የሚመጣ ነገር ግን ምሳ እስክትጨርስ አይቆምልህም። የሚመጣውን እንዳለፈ አድርገህ ስትነግረው፣ መሮጥ የሚችለውን ሰው ለለቅሶ ታስቀምጠዋለህ።»

ቢያድግልኝ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«አንተስ? ረፋዱ ላይ መጣህ። ጉልበቴን ጠየቅህ። የዶሮዎቼን በር አበጀህ። ሽሮዬን አመሰገንክ፤ የእኔ ሽሮ ደግሞ ምስጋና የሚያስገኝ አይደለም። ከዚያ የሰው ጥያቄ አመጣህልኝ። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ አልደከመም፤ ኪስህ ውስጥ ያለው ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ። ያን ሰው መስለኸኛል። እኔንም ያን ገበሬ አድርገኸኛል። እንግዲህ ልጠይቅህ፤ ውሃው እንዴት አደረ?»

ቢያድግልኝ ወረቀቱን አወጣ። በእርሳስ የተሰመረ ካርታ ነበር። ባሕር ላይ የተነሣውን ዐውሎ ነፋስ በሬዲዮ በሚሰማው ወሬ አራት ቀን ሙሉ ነጥብ በነጥብ ሲከተለው ሰንብቷል።

«ዐውሎ ነፋሱ ትናንት የብስ ገባ፣ የኔታ» አለ። «ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ወርዷል። ዛሬ ጠዋት ውሃው ቀዩን ምልክት አልፏል። የወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ይነሣ ተብሏል።»

«ጎረቤቶቼስ?»

«ባልደረባዬ ነግሯቸው ወጥተዋል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎን እኔ ራሴ ልንገርዎት ብዬ… እንዳይደነግጡብኝ ብዬ…»

«መቼ ይደርሳል?»

«አሥር ሰዓት።»

«አሁን ስንት ነው?»

ቢያድግልኝ ሰዓቱን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ።»

የኔታ ተነሡ። ወጣቱ መጻሕፍቱን በነጠላ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ እሳቸውን አዝሎ ዳገቱን ያዘ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የኔታ ከጀርባው ላይ ሆነው «እኔም ወረቀቱን የሰማሁት ገና ምሳ ሳይቀርብ ነበር። ዝም ያልኩት ራሱ ይናገር ብዬ ነው። ምሳሌውንም ማሳጠር ነበረብኝ» አሉ። ቢያድግልኝ እርምጃውን አፈጠነ።

ሁለቱም ዳኑ። መጻሕፍቱም ዳኑ። የዶሮዎቹ ቤት በር ረፋዱ ላይ በደንብ ተበጅቶ ስለነበረ አሥራ አንዱም ዶሮዎች መውጣት አልቻሉም።