አያ ሞተርና ሦስቱ ባለመድኃኒት ጠርሙሶች

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉ እንጂ! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ ላምም በረትም የለኝም። ያለኝ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና የቆመበት ጓሮ ነው። በሱ ቻሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት እንደ ሰው ያወራ በነበረበት ዘመን፣ አያ ሞተር የሚባል ሽማግሌ ነበር። ቤቱ በአቶ ጓንጉል መኪና ኮፈን ሥር ነው። ከጎኑ በጋጣዋ ውስጥ የምትኖረው እመት አህይት ናት፤ መኪናው ሳይገዛ በፊት የአቶ ጓንጉልን ሽንኩርት ገበያ የምታደርሰው እሷ ነበረች። በአያ ሞተር ሆድ ውስጥ ደግሞ እመት ዘይት ትኖራለች። እመት ዘይት ከገባች ሁለት ዓመት አልፏት ከሰል መስላለች። አቶ ጓንጉል ስትጎድል ይጨምሩባታል እንጂ ቀይረዋት አያውቁም።

አንድ ቀን አያ ሞተር ታመመ። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጢስ ይተፋል፤ ዳገት ላይ ቋ! ቋ! ቋ! ይላል።

«ይሄን ነገር መካኒክ ሳያየው አይቀርም» አሉ አቶ ጓንጉል።

አያ ሞተር ክው አለ። በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መከፈት። «የተከፈተ ሁሉ መጨረሻው የቁራሌው ጆንያ ነው» ይላል። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ብረትና ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስበው ሰውዬ «ቁራሌው!» ብሎ በተጣራ ቁጥር አያ ሞተር ትንፋሹን ውጦ ይቆያል። አቶ ጓንጉልም ቢሆኑ መኪናቸው ጋራዥ ገብቶ ሳምንት እንዲቆምባቸው አልፈለጉም። ፈሪና ሰነፍ ሲገናኙ ለመድኃኒት ሻጭ ሠርግ ነው።

መጀመሪያ ሆዱ ላይ አንበሳ የተሳለበት፣ ዘይት ላይ የሚጨመር መድኃኒት የያዘ ጠርሙስ ከሱቅ ተገዝቶ መጣ።

«ሐኪም ነኝ» አለ ባለ አንበሳው። «አወፍርሃለሁ፣ ጢስህን አጠፋዋለሁ፣ ማንም አይከፍትህም።»

«ኧረ እባካችሁ!» አለች እመት ዘይት። «ጠቁሬያለሁ፣ ደክሜያለሁ፣ እኔን ቀይሩኝ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አላት አያ ሞተር። ጠጣው። እውነትም ጢሱ ጠፋ፣ ቋ ቋውም ለዘብ አለ። አቶ ጓንጉል ኮፈኑን መታ መታ አድርገው «ጎሽ የኔ ጎረምሳ!» አሉት።

በዚያው ሰሞን እመት አህይት ኮቴዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት ማነከስ ጀመረች። አቶ ጓንጉል አዩ፤ ጠጠሩን አወጡላት፤ ሦስት ቀን አሳረፏት።

«ምነው አንቺ» አለ አያ ሞተር እየሳቀ፣ «በሰው ፊት ታነክሻለሽ? ሐፍረትም የለሽ?»

እመት አህይት ገብሷን ማላመጧን ቀጠለች።

ሳምንት ሳይሞላ ጢሱ ተመለሰ። ሁለተኛው ጠርሙስ መጣ፤ እሱ ደግሞ መጥረጊያ ተስሎበታል።

«እኔ የሐኪሞች አለቃ ነኝ» አለ ባለ መጥረጊያው። «አጥብሃለሁ፣ አጸዳሃለሁ፣ ማንም አይከፍትህም።»

«ጠቁሬያለሁ፣ ደክሜያለሁ፣ እኔን ቀይሩኝ!» አለች እመት ዘይት።

«አትጨቅጭቂን!» አላት አያ ሞተር። ጠጣው። ባለ መጥረጊያው ጠረገ፣ ጠረገ፣ ስንት ዓመት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የኖረውን ጭቃ አስነሳው። ያ ጭቃ ወዴት ይሂድ? ሄዶ የዘይቱን ማጣሪያ ደፈነው። የአያ ሞተር ጉሮሮ ደረቀ። በመሪው ፊት ያለችው ቀይ የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት ቦግ ብላ «እሳት! እሳት!» ስትል የአቶ ጓንጉልን ዓይን ወጋች። ፕላስተር ለጠፉባት። እግዜር ያሳያችሁ፣ መብራቷ ላይ!

ሦስተኛው ጠርሙስ ባለ ወርቅ ክዳን ነበር። የተጻፈበትን ፊደል ማንም ማንበብ አልቻለም፤ ስለዚህ ሁሉም አመነው።

«እኔ ፕሮፌሰር ነኝ» አለ ባለ ወርቅ ክዳኑ። «እንደ አዲስ እወልድሃለሁ።»

አያ ሞተር በእልልታ ጠጣው። ጠርሙሱ ውጭ ቀረ፤ የወርቁ ክዳንም፣ የማይነበበው ጽሑፍም ውጭ ቀረ። የገባው ፈሳሽ ብቻ ነው። እመት ዘይት በጨለማው ውስጥ ዳበሰችው።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የ... የዘይት» አለ ፕሮፌሰሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ የአክስቴ ልጅ ነሃ! ሌላስ ምን ይዘሃል?»

«ትንሽ መድኃኒት።»

«ልጄ» አለች እመት ዘይት፣ «እኔም ትኩስ ሆኜ ስመጣ ይሄንኑ መድኃኒት በጉያዬ ይዤ ነበር። በሁለት ዓመት አለቀብኝ። ብቀየር ኖሮ ተተኪዬ ከነመድኃኒቷ ትመጣ ነበር። አንተ ከኔ ጭቃ ገብተህ ምን ልትፈይድ?»

ፕሮፌሰሩም እዚያው ጭቃው ውስጥ ተቀላቀለ።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር። መኪናው ሽንኩርት ጢም ብሎ ተጭኖበት ዳገቱን ተያያዘው። አያ ሞተር «ተጠማሁ!» ሊል አሰበና «መካኒክ ይጠሩብኛል» ብሎ ዋጠው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዴ ቋ! አለና ቀጥ አለ። ዳግመኛም አልተንቀሳቀሰም።

መኪናው ተጎትቶ ጓሮው ገባ፤ መካኒኩ ኡስማንም መጣ። ያ የተፈራው መከፈት ደረሰ።

«ጋሼ ጓንጉል» አለ ኡስማን እጁን እየጠረገ፣ «ጢሱ ሲጀምር ቢያመጡት ፒስተኑን የከበቡትን ፋሻ የሚባሉ ቀለበቶች ቀይሬ፣ ዘይቱን ቀይሬ እሰጥዎት ነበር። አሁን ውስጡ ተበልቷል። ቁራሌው ይጠራ።»

ቁራሌው መጣ። አያ ሞተርን ጋሪ ላይ ጫነው፤ ጓሮ የተጣሉትን ሦስት ባዶ ጠርሙሶችም ከጎኑ ደረደራቸው። ጋሪውን እንድትጎትት እመት አህይት ተጠመደች።

«አይዞህ አያ ሞተር» አለ ባለ አንበሳው። «እኛ ታጥበን፣ ተሞልተን ነገ ሱቅ ላይ ነን። አሮጌ ሞተር ሞልቷል።»

«እኔስ?» አለ አያ ሞተር።

«አንተማ ትቀልጣለህ።»

አያ ሞተር አለቀሰ። «እመት አህይት፣ አንቺም እንደኔ አሮጌ ነሽ። በምን ተረፍሽ?»

እመት አህይት ቆም አለች። አዘነችለት፤ ደግሞም ጋሪው ከብዷት ነበር።

«እኔ ሲያመኝ አነክሳለሁ» አለችው። «ሳነክስ ያዩኛል፣ ሲያዩኝ ጠጠሬን ያወጡልኛል። አንተ ማነከስህን ደበቅህ፤ ጠጠሩ ግን ውስጥህ ቀረ።»

ይህን ብላ ጋሪውን ጎተተች። አቶ ጓንጉልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርታቸውን በአህያ ይጭናሉ። አሁን በትንሹ ስታነክስ ገና እየሮጡ ኮቴዋን ያያሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ ነዳጁ አለቀ፤ ለኔ ዳቦ፣ ለመኪናችሁ ትኩስ ዘይት። ያነከሰ ያርፋል፣ የደበቀ ይወድቃል።