አልወጣ ያለው ፒን

ሽመክትና ወንድሙ በውርስ መሬት ክፍፍል ከተኳረፉ ቆይተዋል። እናታቸው በጠና ታማ «ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልያችሁ» ስትል፣ ወንድምየው «እሱ ባለበት ቤት አልገባም» አለ። ሽመክት ወደ ጎረቤቱ ሽማግሌ ወደ ጋሽ ቢተው ሄዶ፣ «ነገ ሽማግሌ ሰብስቤ ሄጄ በግድ ይቅር ላስብለው ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ቢተውም እንዲህ አሉት።

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ከደጋው ወደ ቆላው ከተማ በሞተር ሳይክሉ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ልጁን አቅፎ እየሮጠ መጣ። ያበደ ውሻ እግሯን ነክሷታል፤ መድኃኒቱ ያለው ከቁልቁለቱ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ሌሎቹ ሞተሮች ሁሉ ገበያ ወርደዋል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከቀደማቸው ወንዙ ሞልቶ አያሳልፋቸውም።

ሞተረኛው ሊነሣ ሲል ሞተሩን ገፋ አድርጎ የፊቱን ፍሬን ጨበጠው። ብረት ከብረት ተፋጨ። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ አልቋል። አዲስ ሸራ ከኮርቻው ሥር ነበረው፤ ግን አሮጌውን ለማውጣት መጀመሪያ ሸራውን ሰክቶ የሚይዘው ፒን መፈታት አለበት። ያንን ፒን ደግሞ ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ አንድ ቀን አውጥቶ ግራሶ ቀብቶት አያውቅም። ጭቃና ዝገት ከገባበት ቀዳዳ ጋር አጣብቀውታል።

የብሎን ቁልፉን በፒኑ ጭንቅላት አስገብቶ ወደሚፈታበት አቅጣጫ፣ ወደ መፍቻው አዞረ። እንቢ አለ። ነጭ ጋዝ አንጠባጠበበት፤ ጠብቆ እንደገና አዞረ። አሁንም እንቢ አለ። ሰው ተሰበሰበ።

«በመዶሻ በለው እንጂ! ብረት ትለማመጣለህ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተወው፣ ሙሽራዪቱን እያባበለ ነው» አለ ሌላው። ሳቁ።

ገበሬው አልሳቀም። «ወንድሜ፣ በቃ በኋላው ፍሬን ብቻ ውረድ። እስቲ ልጄን እያት!»

ሞተረኛው አያት። ያንን ቁልቁለት በአንድ ፍሬን መውረድ ሦስቱንም ገደል መክተት እንደሆነ ያውቃል። ባለ በሌለ ኃይሉ ቁልፉን ተጫነው። ቁልፉ በፒኑ ጭንቅላት ውስጥ ሸርተት አለ። አንዴ እንኳ ቢደግመው ጭንቅላቱ ሟልጦ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ቁልፍ አይገኝም።

እጁን አነሣ። ላቡን ጠረገ። ቁልፉን እንደገና አስገብቶ እስኪጠልቅ ድረስ በቀስታ መታ መታ አደረገው። ከዚያም ወደ መፍቻው ሳይሆን ወደ ማጥበቂያው አዞረ።

«ሰውዬው አበደ! ጭራሽ እያጠበቀው ነው!»

«ዝም በሉ!» አለ ሞተረኛው።

የፀጉር ያህል ዞረለት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ዝገቱ ተሰነጠቀ። ጥቂት ጋዝ ጨመረና ወደ መፍቻው አዞረ፣ መለስ አደረገው፣ ደግሞ አዞረ። ፒኑ እያጉረመረመ ወጣ። ሞተረኛው ዝገቱን ፍቆ ስስ ግራሶ ቀባው፤ ጋዙን በሳሙና አጥቦ አደረቀ፤ አዲሱን ሸራ አስገብቶ ፍሬኑ እስኪይዝ ድረስ ደጋግሞ ጨበጠ። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወንዙን ሲሻገሩ ግን ውሃው ገና አልደፈረሰም።

ጋሽ ቢተው ወደ ሽመክት ዞሩ።

«ወንድምህ እንደዚያ ፒን ነው። የተሻለው መሬት ለአንተ ደረሰ ይላል፤ አንተም ሐሰት ነው እያልክ ወደ ራስህ ብቻ ስታዞረው ኖርክ። የመሬቱ እጣ ሲወጣ እኔም ነበርኩ፤ ውሃ የሚጠጣው መሬት የደረሰው ለአንተ ነው። ሽማግሌ አስከትለህ ብትጫነው በሰው ፊት ይቅር ይል ይሆናል፤ ውስጡ ግን እንደ ፒኑ ጭንቅላት ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ቃል አታገኝም። ሞተረኛው መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው እንዳዞረ፣ አንተም መጀመሪያ ወደ እሱ አዙር። በመሬቱ ነገር እውነትህን ነበር በለው።»

«እሱ እኮ ነው የሰደበኝ፣ ጋሼ!»

«ሰድቦሃል። ስለ ስድቡ የምትነጋገሩበት ጊዜ አላችሁ፤ እናትህ ግን ጊዜ የላትም። በል ተነሥ። ብቻህን ሂድ።»