አጥናፉ የመረጠው ጠመንጃ

እኛ አገር ሰው ከልኩ በላይ የሆነ ነገር ሲያማርጥ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ምሳሌ አለች። ሁሉም ይላታል፤ ከማን ማሳ እንደበቀለች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የበቀለችው ከአጥናፉ ማሽላ መሃል ነው።

አጥናፉ ቁመቱ አጭር፣ እልሁ ረጅም ገበሬ ነበር። አንድ ዓመት ማሽላው ሊደርስ ሲል የከርከሮ መንጋ ገብቶ እኩሌታውን አወደመበት። የቀረውም ከሄደ ልጆቹ እስከ ከርሞ የሚቀምሱት የላቸውም። «ጠመንጃ ሳልይዝ ከገበያ አልመለስም!» ብሎ ማለና በቅሎውን ጎትቶ ወጣ። ጠመንጃ ይዞ ስለማያውቅ የድሮው አዳኝ አያ ቢተው አብረውት እንዲሄዱ ለመናቸው።

ነጋዴው ሁለት ጠመንጃ አቀረበ። ሁለቱም ባሩድና አረር በአፈሙዛቸው እየጠቀጠቁ የሚያጎርሷቸው ናቸው። አንዱ አጭር ነው፤ ሰደፉም በሽቦ የታሰረ። ሌላው በናስ ያጌጠ፣ የቤት ምሰሶ የሚያህል ነው። የአጥናፉ ዓይን ምሰሶው ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ መሬት ላይ አቁመውና እጅህን አፈሙዙ ላይ ጫን» አሉት አያ ቢተው። «የፊተኞቹ ጠመንጃ የሚመርጡት እንዲህ ነው። እጅህ ካልደረሰ በምን ታጎርሰዋለህ?»

አጥናፉ ደሙ ፈላ። በቁመቱ ሲቀለድበት ነው ያደገው፤ ምክሩንም ስድብ አድርጎ ሰማው።

«አያ ቢተው፣ የሚለኩት እኔን ነው ወይስ ጠመንጃውን?»

«ሁለታችሁንም ነዋ!»

«እንግዲያው ይኸኛውን ነው የምወስድ!» አለና በቅሎውን ለውጦ ረጅሙን ተሸክሞ ገባ።

ሚስቱ አንጓች ደጃፍ ላይ ቆማ አንዴ ጠመንጃውን፣ አንዴ እሱን አየች። «ይኸንን ማን ያጎርስልሃል?»

«እኔው ራሴ!» አለና ከማሳው ዳር ድንጋይ አንከባሎ ወጣበት። እውነትም ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ እየወጣ እየወረደ ሲለማመድ ሰነበተ፤ መቼም ለእልሁስ እኔም አደንቀዋለሁ።

እሑድ ማለዳ ከርከሮዎቹ መጡ። አጥናፉ ያጎረሰውን ጠመንጃ ይዞ ማሽላው ውስጥ ገባና ተኮሰ፤ ሳተ። እንደገና ሊያጎርስ ወደ ድንጋዩ ሲሮጥ አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ መንገዱን ዘጋበት። እዚያው ጠመንጃውን አቁሞ ተንጠራራ፤ አልደረሰም። ቢያጋድመው ባሩዱ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ከርከሮውም ጥርሱን አግጦ መጣ።

«ድንጋዬን! ኧረ ድንጋዬን አቀብሉኝ!» ብሎ ጮኸ።

ድንጋዩን ያቀበለው የለም። አንጓች ግን የከብት መንጃ ዱላዋን ይዛ ደረሰች። አፍንጫው ላይ አንድ ጊዜ ስታሳርፍበት ከርከሮው እያጓራ ቁልቁል ወረደ፤ መንጋውም ተከተለው። የቀረው ማሽላ ተረፈ።

ጩኸቱን ሰምተው አያ ቢተውና ጎረቤቶች ሲደርሱ አጥናፉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አፍሯል፤ እልሁ ግን አልበረደም።

«አያ ቢተው፣ ቅዳሜ ገበያ አብረውኝ ይውጡ። ይኸንን ሰጥቼ አጭሩን እወስዳለሁ፤ በፊትዎም አቁሜ እለካለሁ።»

«እወጣለሁ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

«እስከዚያ ማሳውን ማን ይጠብቅልኛል?»

አያ ቢተው ዱላዋን ተደግፋ ወደቆመችው አንጓች ዞሩና ሳቁ፦ «እሷው ትጠብቅልህ እንጂ፤ ከማይደርሱበት አፈሙዝ የጨበጡት ዱላ ይሻላል!»